የቀበናው ትንዳል

ዊንተሩ ሊወጣ ሲል፣ በረዶው ጠቁሮ በየመንገዱ ዳር እንደተከመረ፣ ልጄ ማርታ በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ሦስት ነጫጭ ሽማግሌዎች ኮትና ክራቫት አድርገው ጎን ለጎን ቆመዋል። ከፎቶው ሥር፣ የአንድ የእንግሊዝ ክለብ የድሮ ዝነኛ ተጫዋቾች አሜሪካን እየዞሩ ነው፣ በሚመጣው ወር ሴይንት ፖል ገብተው ከደጋፊዎቻቸው ጋር ይጨዋወታሉ ይላል። ማርታ «ማሚ፣ ይሄ የዳዲ ቲም አይደለም እንዴ?» ብላ ጽፋለች። መነጽሬን አድርጌ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁት። አንዳቸውንም አላወቅኋቸውም። እኔ የማውቃቸው ጸጉራቸው ጆሯቸውን የሸፈነ፣ ቁምጣቸው ያጠረ፣ ጥቁርና ነጭ ጎረምሶች ነበሩ። ጥቁርና ነጭ የምለው ቴሌቪዥኑን ነው። የክለቡን ስም አልናገርም፤ እዚህ ከተማ በኳስ የተነሳ ተኳርፈው ከቅዳሴ በኋላ ሰላም የማይባባሉ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። ማልያው ቀይ ነው ካልኩ ይበቃል። ቀይ መሆኑንም ያወቅነው ዘግይተን ከመጽሔት ላይ ነው እንጂ በእኛ ቴሌቪዥን ግራጫ ነበር።

ቴሌቪዥኑ የእናቴ ነበር። እናቴን ሰፈሩ እትዬ የሺ ይላታል። ቀበና ድልድዩን አልፎ ዳገቱ በሚጀምርበት ጥግ ላይ ሻይ ቤት ነበራት። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም፤ ለታወቀ ደንበኛ ሁለቱ አንድ ላይ በአሥራ አምስት። ዕቁብ የደረሳት ጊዜ ሰው ሁሉ ጣሪያዋን ታድሳለች ሲል እሷ ባለ አራት እግር ቴሌቪዥን ገዝታ መጣች። እንደ ቁምሳጥን በሁለት መዝጊያ ተዘግቶ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከመቀነቷ አይጠፋም፤ ላዩ ላይ ራሷ የሠራችው ዳንቴል ተነጥፎበታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ የእንግሊዝ ኳስ በፊልም ይታይ ነበር። ጨዋታው ከተካሄደ ሰንብቷል፤ እዚያ አገር የተሸነፈው አልቅሶ ረስቶታል። ለእኛ ግን ትኩስ ነው። ጎረምሳው ሁሉ ቤል ቦተሙን ተኩሶ፣ ሸራ ጫማውን በጠመኔ አንጥቶ፣ ሚዶውን አፍሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል። ከእኛ ፊት ለፊት የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥ ልጅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ የፍቅር ዘፈን ሲያስጮህ ይውላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ እናቴ ደጅ ወጥታ እጇን ታወዛውዝለታለች፤ እሱም መርፌውን አንስቶ፣ ሱቁን ቆልፎ፣ ራሱ ገብቶ ይቀመጣል። ሻይ ያልጠጣ ኳስ አያይም። ሻይ የማቀርበው እኔ ስለነበርኩ ግን ሳልከፍል አያለሁ። ከሰፈሩ ሴቶች ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ የአሥራ አንዱን ስም በአንድ ድምፅ ይጠራሉ። ፔምበል፣ ወርቁ፣ አድሎ፣ ኮርሶዌል፣ ግሪሌ፣ ሞስቲን፣ ባሮ፣ ፊንቸር፣ ደንስተን፣ ኦልዴ፣ ትንዳል። ብርጭቆዎቼ ጠረጴዛው ላይ አብረው ይዘላሉ። ወርቁ የተባለው እንግሊዞቹ ወርክማን የሚሉት ነው፤ ቀበና ሲደርስ ወርቁ ሆነ። አድሎ የተባለው ሃድሎ ነው፤ እግር ይሰብራል የሚባል ግዙፍ ተከላካይ ስለነበረ ስሙም ሥራውም ገጠመለት እያሉ ይስቁበት ነበር። መጨረሻ የሚጠራው የግራ ክንፉ ቲንዴል፣ በእኛ ትንዳል፣ ቀጭን ነው፤ ኳሷን ከመስመሩ ጋር አጣብቆ ሲሄድ ቤቱ ሙሉ ይቆማል። ከእኛም ሰፈር ወንዙ ዳር ባለችው ሜዳ በካልሲ ኳስ እንደዚያ የሚሄድ አንድ ግራኝ ልጅ ነበር። መኮንን ይባላል። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም መኮንን ብሎት አያውቅም፤ ወላጅ እናቱ ሳትቀር «ያ ትንዳል የት ገባ?» እያለች ነበር የምትፈልገው። እኔ ሻዩን ስኳር አብዝቼ አቀርብለት ነበር። እሱ ስኳር እንደማይወድ የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው።

ከዚያ የሆነው ሆነ። ሻይ ቤቱ ተዘጋ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ እኛ በሱዳን በኩል ዞረን ሚኒሶታ ገባን። መጀመሪያ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከእነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ኖርን፤ ማርታ እዚያ ተወለደች። በኋላ ብሩክሊን ፓርክ ትንሽ ቤት ገዛን። መኮንን ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት ባስ ድራይቭ አደረገ፤ እኔ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ባለ አንድ የአረጋውያን ቤት ስንትና ስንት ዓመት ሰው ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ደግፌ ሳስኬድ ኖርኩ። የእንግሊዝ ኳስ አሁን ቅዳሜ ጧት ይመጣል፣ ቀለሙም እንደ ልብ ነው። መኮንን ያያል፤ ግን ቁርስ እየበላ ነው የሚያየው። ሲቆም አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ፎል ላይ ጓሮ ቅጠል እየጠረገ ሳለ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ፤ እነሱስ ቀስ በቀስ ትንሽ ተመለሱ። አፉ ግን ተያዘ። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ቃሉ አይመጣለትም። «እሺ» እና «ይሄ» ብቻ ቀሩለት። ሻይ አምሮት «ይሄ፣ ይሄ» ይላል፤ ውሃ ይዤ ስመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ይተወዋል። ቤተክርስቲያን ወሰድኩት፤ ሰዎች ደንቆሮ ይመስል ጆሮው ላይ እየጮሁ «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲያ ልብሱን ሳዘጋጅለት ፊቱን አዞረ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን መያዙን እምቢ ማለቱ ነው። ደረጃ ላይ ክንዱን ልይዘው ስል እጄን ይመነጭቃል፤ ሰው ባለበት ከሆነማ ከመያዝ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ይመርጣል። እኔ የሰው ክንድ ይዤ እንጀራዬን የበላሁ ሴት፣ የራሴን ባል መያዝ አቃተኝ።

ቴራፒስቷ ኬሪ የምትባል ትዕግሥተኛ ወጣት ናት። «ሳያስብ ከአፉ የሚወርድለት ነገር ፈልጊልኝ» አለችኝ። «ዘፈን፣ ጸሎት፣ ከልጅነቱ በቃሉ የያዘው ማንኛውም ነገር። እንዲህ ያለው አንዳንዴ ከሌላ በር ይወጣል።» ቤት ገብቼ አባታችን ሆይን አስጀመርኩት። «በሰማያት» እስከሚለው ደረሰና ጠፋበት። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ ሁለተኛ እንድሞክር አልፈቀደም። ዘፈን ደግሞ ዱሮም ከእኔ ጋር ሆኖ እንኳ አይዘፍንም። ለውጥ ካልታየ ኢንሹራንሱ ቴራፒውን እንደሚያቆም ተነገረን። ማርታ አሁን ቤቷ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው፤ አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች አማከረችኝ።

«ማሚ፣ እኔ ሰፈር ጥሩ የአረጋውያን ሆም አለ። በየቀኑ አየዋለሁ። አንቺም እኮ ሰው ነሽ፤ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«ቤቱን አውቀዋለሁ። ሠርቼበታለሁ» አልኳት።

«መጥፎ ነው?»

«መጥፎ አይደለም። ግን እዚያ ዝም ያለ ሰው ዝም እንዳለ ይቀራል።»

ፎቶውን የላከችው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።

መኮንን ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ስልኩን ከፍ አድርጌ፣ እንዲያው ዝም ከምል ብዬ፣ ከፎቶው ሥር ያለውን አነበብኩለት። «ሦስቱ ሊመጡ ነው አሉ። ፔምብል፣ ሃድሎ፣ ቲንዴል» አልኩት፤ እዚህ እንደለመድኩት በእንግሊዝኛ አጠራር።

«አድሎ» አለኝ።

ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደሆነ ነው። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው፤ ስሙን በማበላሸቴ እያረመኝ ነው። ግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ የሶፋውን ክንድ መታ። «ፔምበል» አለ። መታ። «ወርቁ። አድሎ። ኮርሶዌል።» እያንዳንዱ ስም ጥርት ብሎ፣ ሳይንተባተብ፣ እየተንደረደረ መጣ፤ ኦልዴ ላይ ደረሰ፣ በመጨረሻም «ትንዳል» ብሎ ቆመ። ዞሮ አየኝ። እሱም ደንግጧል። ሌላ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ «ይሄ… ይሄ…» ብቻ ሆነበት። እንደገና ሶፋውን መታና ከፔምበል ጀመረ። አብሬው ጀመርኩ። ያን ቀን ምሳ ሳንበላ ዋልን።

ኬሪ በስልኬ የቀዳሁትን ደጋግማ ሰማችው። አማርኛ አታውቅም፣ ኳስም አታውቅም፤ ግን ጠረጴዛውን እየመታች ዜማውን ያዘችው። «በዚህ በኩል እንገባለን» አለች። ዘዴው ቀላል ነው፦ እጁ ይመታል፣ ሁለት ሦስት ስም ይጠራል፣ ከዚያ አፉ ሞቅ እንዳለ የሚፈልገውን ቃል ይጨምራል። እናም ለሳምንታት ቤታችን ውስጥ ሻይ የሚጠየቀው እንዲህ ሆነ፦ «ፔምበል፣ ወርቁ፣ ሻይ።» መብራት እንዳጠፋለት ሲፈልግ «ፔምበል፣ ወርቁ፣ መብራት» ይለኛል። ማርታ በስልክ ስትሰማው ሳቀች፣ ከዚያ «ስለ ሆሙ ትንሽ እንቆይ» አለችኝ። እንቆይ እንጂ ተወው አላለችም። ልክ ናት፤ መኮንን ከቤትና ከኬሪ ቢሮ በቀር የትም አይሄድም፣ አሁንም አይያዝም። እኔም እያረጀሁ ነው።

ሴይንት ፖል እንሂድ ስለው ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ደግሜ ጠየቅኩት፤ ነቀነቀ። ቀኑ ሲደርስ ጧት ስነሳ በግራ እጁ ጺሙን እየተላጨ አገኘሁት። አገጩ ላይ ትንሽ ቆርጦታል። ግራጫ ኮቱን አለበስኩት፤ ማርታ መጥታ ድራይቭ አደረገችን። ፓርኪንጉ ውስጥ ሌሊት በረዶ የሆነው ውሃ አልቀለጠም፤ ክንዱን ስፈልግ ሸሸኝና የቆሙትን መኪናዎች በግራ እጁ እየተደገፈ፣ አንዱን ለቆ ሌላውን እየያዘ፣ አዳራሹ በር ድረስ ሄደ። እኔና ልጄ ሊወድቅ ነው እያልን ኋላው ተከተልን።

አዳራሹ ቀይ ማልያ በለበሰ ሰው ተሞልቷል፤ ወጣቱ ይበዛል፤ ከእኛም አገር ልጆች ጥቂት አሉ። ወደ ፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ ሻይና ኬክ ቀርቧል። በጎን በር መጀመሪያ ግብ ጠባቂው ፔምበል እጁን እያወዛወዘ ገባ። ቀጥሎ ሁለቱ አንድ ላይ መጡ። ግዙፉን ወዲያው አወቅኩት፤ እግር ሰባሪው አድሎ ነው። ክንዱ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ ሰው ይዟል። ሰውየው እግሩን የሚያሳርፍበትን እየፈለገ፣ ሕዝቡን እንደ ማያውቀው አገር እያየ ይራመዳል። ትንዳል ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን የአድሎን እጅ ነው። ከክርን በታች፣ በደከመው ጎን፣ ሳይጎትት፣ ሳይገፋ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይዞታል። በሥራ ላይ ለአዳዲስ ሠራተኞች ስንት ቀን ያሳየሁት አያያዝ ነው፤ እንዲህ አሳምሮ የሚይዝ ሰው ግን ያየሁት ጥቂት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ኮቱን ፈታለት፣ ኬኩን በሹካ ከፋፍሎ ፊቱ አኖረለት። ሕዝቡ እያየ ነው፤ አድሎ ግን ሕዝቡን አላየም። ወደ መኮንን ዞርኩ። ዓይኑን ከዚያ እጅ ላይ አልነቀለም።

ተራችን ደርሶ ጠረጴዛው ጋ ስንቀርብ እኔ ተናገርኩ። «ባለቤቴ ስትሮክ ነበረበት፣ መናገር ይቸግረዋል፤ ግን የሚላችሁ ነገር አለው» አልኩ። አድሎ ጊዜ አለን እንደማለት ተደላድሎ ተቀመጠ። መኮንን ግራ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና መታ። «ፔምበል። ወርቁ። አድሎ።» አድሎ መጀመሪያ ምንም አልገባውም። ኮርሶዌልና ግሪሌ ሲመጡ ቅንድቡ ተነሳ። ሞስቲን ላይ ኮፍያውን አወለቀ። መኮንን አልተደናቀፈም፤ መጨረሻ ላይ «ትንዳል» አለ።

«እዚህ አለሁ» አለ እስካሁን ኬኩን ብቻ ሲያይ የነበረው ሰው፣ ክፍል ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ቀና ብሎ።

አድሎ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለስሙ መልስ አልሰጠም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ መኮንንን «ይህን የት ተማርከው?» ብሎ ጠየቀው።

መኮንን ጠረጴዛውን አንዴ መታ። «ቀ…በና» አለ።

ቀበና የት እንደሆነ እኔ ነገርኩት፤ ሻይ ቤቱን፣ ባለ መዝጊያውን ቴሌቪዥን፣ ወርቁን። ወርቁ ሲባል ሳቁ አዳራሹን ሞላው። በዚህ መሃል የትንዳል ሚስት፣ ጆአን የምትባል አጭር ሴት፣ ከኋላ መጥታ ክንዴን ያዘች። ሴት ለሴት ጥግ ላይ ቆምን። ባሏ የተጫወተውን ጨዋታ ሁሉ እንደረሳ ነገረችኝ፤ አንዳንድ ጧት እሷንም ይረሳታል። «መጀመሪያ ማንም እንዲይዘው አይፈቅድም ነበር» አለችኝ። «እኔን ገፍቶኛል፣ ሐኪሙን ገፍቷል። ሃድሎ መጥቶ፣ ‹ልምምድ ላይ ስረግጥህ ነው የኖርኩት፣ አሁን ደግሞ ልያዝህ› አለው። ለእሱ እሺ አለ። ይኸው በየቀኑ ይመጣል።» እኔም የኔን ነገርኳት። ምክር አልሰጠችኝም፣ እኔም አልሰጠኋትም። ወደየመጣንበት ስንመለስ ግን ትከሻዬ የቀለለኝ ያህል ነበር።

ስንወጣ መኮንን በሩ ላይ ቆመ። ፓርኪንጉ እንዳለ ነው፣ በረዶውም እንዳለ ነው። ማርታ መኪናውን ልታቀርብ ሄዳለች። ሰው በአጠገባችን ይወጣል፣ ይገባል። ቀኝ ክርኑን፣ የደከመውን፣ ትንሽ ከጎኑ ከፈት አደረገ። ጠበቅኩ። ጣቶቹ ኮቱን መታ መታ ሲያደርጉ አየሁ።

«ያዥኝ» አለኝ።

ስም አላስቀደመም። ከክርኑ በታች ያዝኩት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆንኩ፣ ሄድን። ማርታ መኪናው ውስጥ ሆና አይታናለች፤ ቤት እስክንደርስ አፍንጫዋን ስትጠርግ ነበር። ስለ ሆሙም ከዚያ ወዲህ አንስታ አታውቅም። በሚቀጥለው እሑድ መኮንን ክንዱን ሰጥቶኝ ቤተክርስቲያን ገባ፤ ጆሮው ላይ የሚጮኹትን በግራ እጁ ቀስ በሉ እያለ። በኢንሹራንሱም በኩል ለውጥ ታየ ተብሎ ቴራፒው ቀጠለ። እንደ ድሮው ይናገራል አልልም። ቃሉ አጭር ነው፣ ሲደክመው ይጠፋል። ግን የቀረው ሁሉ የእሱ ነው፣ በየቀኑም ይጨምራል።

አሁን በጋ ነው። ሴዳር ፎቅ ላይ ሳለን ጎረቤታችን የነበረችው ፋጡማ ደውላ ባሏ ጀማል ስትሮክ እንደመታውና አፉ እንደተያዘ ነገረችኝ። ጀማል በወጣትነቱ የጅማን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። መኮንን ከጎኔ ሆኖ ሰምቷል። ስልኩን ሳልዘጋ «እን…ሂድ» አለኝ። ሄድን። ጀማል መስኮቱ ጋ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ታች ባቡሩ ላይ ነው። መኮንን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፣ ጠረጴዛውን እየመታ አሥራ አንዱንም ጠራለት። ጀማል ግራ ገብቶት አየው።

«ኧረ እሱ ኳስ አያውቅም» አለች ፋጡማ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ። «የሱ ነገር መኪና ብቻ ነው።»

መኮንን አሰበ። ቃል ሲፈልግ ግንባሩ እንዴት እንደሚቋጠር አውቃለሁ፤ ላግዘው ፈልጌ ተውኩት። ጠረጴዛውን በቀስታ መታ።

«ሰበታ» አለና ጠበቀ።

ታች አንድ ባቡር ደርሶ ቆመ፣ ሰው አውርዶ ሄደ። የጀማል ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ተፍኪ» አለ። ፋጡማ ማንኪያዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደገፈች።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ እንሄዳለን። የጅማ መንገድ ረጅም ነው፣ እነሱም አይቸኩሉም፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ብቻ ሁለት ሐሙስ ቆሙ። ባለፈው ሳምንት ወሊሶ ገቡ። ልንወጣ ስንል መኮንን ክንዱን ሰጥቶኝ በሩ ላይ ዞረ። «ሐሙስ… ወልቂጤ» አለው። ጀማል ደህናውን እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳና መሪ እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጎ አዞረው።